የመረብ ጥራት በተርቡለንስ ሞዴሎች ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

የአየር ወይም የውኃ ፍሰት በኮምፒውተር ሲሰላ ቦታው በጥቃቅን ሴሎች በተከፋፈለ መረብ ይሸፈናል። ብዙ ጀማሪዎች ሴሎቹ ባነሱ ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ያምናሉ፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አይሆንም፣ ለውጡ የሚወሰነው በተመረጠው የተርቡለንስ ሞዴል፣ ማለትም የተዘበራረቀውንና አዙሪት የበዛበትን ፍሰት በሚወክለው ቀመር ነውና።

ስለዚህ አስቀድመው ሞዴሉ ከሴሉ መጠን ጋር ያለውን ዝምድና ይለዩ። እንደ ኬ-ኤፕሲሎን ያሉት የራንስ ሞዴሎች (አማካዩን ፍሰት ብቻ የሚያሰሉት) የአዙሪቶችን ሁሉ ውጤት በአማካይ ስለሚወክሉ፣ መረቡ ጥቅጥቅ እያለ ሲሄድ ስሌቱ ወደ አንድ መልስ ይጠጋል፤ ያ መልስ ግን የሞዴሉ እንጂ የተፈጥሮ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. በቀረበው የስማጎሪንስኪ ሞዴል በሚሠራ የኤል ኢ ኤስ ስሌት (ትላልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ አስልቶ ትናንሾቹን ብቻ በሞዴል የሚወክል) ግን የሴሉ ስፋት ብዙውን ጊዜ ራሱ ቀመሩ ውስጥ ስለሚገባ፣ መረቡን የለወጠ ሰው ሞዴሉንም ለውጧል።

ቀጥሎ ግድግዳውን ይመልከቱ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። ከግድግዳው እስከ መጀመሪያው ሴል መሃል ያለው ርቀት የሚገለጸው ዋይ ፕላስ በተባለ መለኪያ አልባ ቁጥር ነው። የግድግዳ ፋንክሽን (በግድግዳው አጠገብ ያለውን ፍሰት በዝርዝር ከማስላት ይልቅ የሚተካ ቀመር) ከተጠቀሙ ቁጥሩ ከ30 እስከ 300፣ ሌላውን የራንስ ሞዴል ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲን እስከ ግድግዳው ድረስ ካሰሉ ደግሞ 1 አካባቢ ይሁን። የግድግዳ ፋንክሽን ባለበት መረብ ሴሎቹን ሁሉ ያለ ልዩነት ማሳነስ የመጀመሪያውን ሴል ከ5 እስከ 30 ወዳለው የመሸጋገሪያ ክልል ሊያስገባው ይችላል፤ እዚያ ቀመሩ ስለማይሠራ፣ ስሌቱ ረጅም ጊዜ ወስዶም ውጤቱ ሊበላሽ ይችላል። የመጀመሪያውን ሴል ውፍረት ሳይነኩ የቀሩትን ያሳንሱ። ዋይ ፕላስ በትክክል የሚታወቀው ስሌቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ገምተው ኋላ ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ለራንስ ቢያንስ 3 መረቦችን ያሰሉ፤ የሴሎቹ መጠን ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው ከ1.3 እጥፍ ባላነሰ ይለያይ። ለአብነት መጠኑን በየጊዜው በግማሽ ሲቀንሱ በቧንቧ ውስጥ ያለው የግፊት ቅናሽ 340፣ 316 እና 310 ፓስካል ቢሆን፣ ልዩነቱ ከ24 ወደ 6፣ ማለትም ወደ ሩብ ወርዷል። በዚህ አካሄድ መልሱ 308 አካባቢ ይረጋል። ልዩነቱ ካልቀነሰ ወይም ወዲያና ወዲህ ከዋዠቀ፣ ከመረቦቹ አንዱ ገና የሳሳ ሊሆን ይችላል።

ለኤል ኢ ኤስ ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም። መረቡ ራሱ የያዘው የተርቡለንስ ጉልበት ከጠቅላላው 80 በመቶ ያህል መድረሱን በየቦታው ይመርምሩ፤ ባልደረሰበት ቦታ ብቻ ሴሎቹን ያሳንሱ።