ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያረጀውን ኮምፓይለር መተካት፦ ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለችው የማሰልጠኛ ክፍላችን ውስጥ ያሉት ዴስክቶፖች ሁሉም ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም የተጫነባቸው ናቸው። ሲስተሙን ከነጭራሹ መቀየር እንደሚሻል እናውቃለን፤ እስከዚያው ግን ሰልጣኝ ሥራ አይፈታም። በየሳምንቱ የሚገጥሙን እነዚህ ናቸው።

«ሲ++14ን አላውቅም ይላል»

ኮዱ ደህና ነው፤ ያረጀው ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም ነው። ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ (GCC) 4.8.5 ነው። የ4.8 መስመር የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሲ++14 የተባለው የሲ++ ቋንቋ ደረጃ የጸደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዴቭቱልሴት (devtoolset) 11 የሚባለውን የአዳዲስ ኮምፓይለሮች ጥቅል ጫኑ። ጂሲሲ 11ን ኦፕት በሚባለው ፎልደር ስር ለብቻው ያስቀምጠዋል፣ ነባሩን አይነካውም። «ነባሩን አጥፍቼ ልገላገል» የምትሉ ደግሞ፣ አቦ ተዉት! ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የተሠራው በእሱ ነው፤ ነገ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ኮምፓይል ማድረግ ሲያስፈልጋችሁ ትፈልጉታላችሁ።

«ያም አድራሻ አላገኘሁም ይላል»

ያም (yum) ፕሮግራም የሚያወርድልንና የሚጭንልን ነው፤ ይህ የኔትወርክ ጥፋት አይደለም። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ጁን 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ፋይሎቹ ወደ ሴንትኦኤስ ቮልት፣ ወደ ድሮ ቨርዥኖች ማከማቻ ሰርቨር ተዛውረዋል። ያም ከየት እንደሚያወርድ በሚነግሩት የሪፖ ፋይሎች ውስጥ የሚረርሊስቱን (mirrorlist) መስመር በኮሜንት ዝጉና ቤዝዩአርኤሉን (baseurl) ወደ ቮልት አዙሩ። ዴቭቱልሴት የሚገኝበት የኤስሲኤል (SCL) ሪፖ ሲጫን የራሱን አዲስ ፋይል ይዞ ስለሚመጣ እሱንም እንደገና ማስተካከል አለባችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቆመው። አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ለሌሎቹ ማሽኖች በፍላሽ አዙሩ።

«ጫንኩት፣ አሁንም 4.8.5 ይላል»

በዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አልቆብኛል። ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ከፍቼ፣ አንዱ 11 ይላል፣ አንዱ 4.8.5። ለካ ዴቭቱልሴት የሚሠራው በኤስሲኤል (scl) ትእዛዝ ያነቃችሁበት ተርሚናል ውስጥ ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲነቃ ከፈለጋችሁ የማንቂያውን መስመር ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው የተጠቃሚው ባሽአርሲ (.bashrc) ፋይል ውስጥ አስገቡ፤ የሩቱን (የዋናውን አስተዳዳሪ) አትንኩ። የቢልድ ሥራውን የሚያዘጋጀውን ሲሜክ (CMake) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያገኘውን ኮምፓይለር በካሹ ይይዛል፣ እናንተ ብትቀይሩም እሱ አይቀይርም። የቢልድ ፎልደሩን አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

«ኮምፓይል ይሆናል፣ ሊንክ ላይ ይወድቃል»

ሊንክ ማለት ኮምፓይል የሆኑትን ክፍሎች ከላይብረሪዎች (ከተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) ጋር አያይዞ አንድ ፕሮግራም ማድረግ ነው። ኤረሩ ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» (cxx11) የሚል ነገር ካያችሁ፣ አንዱ ላይብረሪ ከሌላ ቦታ ተሠርቶ መጥቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰልጣኙ ላፕቶፕ፣ ከኡቡንቱ (ከሌላ የሊኑክስ ሲስተም)። ጂሲሲ 5 የስትሪንግን (የጽሑፍ ዳታን) ውስጣዊ አሠራር ቀይሯል። እዚህ ያለው ዴቭቱልሴት ግን ቁጥሩ 11 ቢሆንም በድሮው ነው የሚሄደው። አዲሱን አሠራር የሚመርጥ ፍላግ (የኮምፓይለር ማዘዣ) ብታስገቡም አይሰማችሁም። ያንን ላይብረሪ እዚሁ ማሽን ላይ፣ በዚሁ ዴቭቱልሴት እንደገና ኮምፓይል አድርጉት።

«ኮምፓይለሩ ራሱ መሃል ላይ ይሞታል»

«ኪልድ» ካለ ራም አልቋል፤ በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ሥራዎች ቁጥር ቀንሱ። ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ የሚወድቅ ከሆነ ኮዱን ወይም የኮምፓይለሩን ቨርዥን ጠርጥሩ። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚወድቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሶፍትዌር አይደለም፣ ራሙ ወይም ሙቀቱ ነው። ድሬ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አራት ሥራ በአንድ ላይ ለቃችሁ! አንደኛው ማሽን እንዲህ ሲያደርግ ክዳኑን ብንከፍተው የፋኑ ክንፎች በአቧራ ተያይዘዋል። በብሩሽ አጸዳነው፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ቀየርን፣ በማግስቱ ጠዋት ያው ኮድ አለፈ።