«መጨረሻውን አውቄዋለሁ» አትበሉ፦ የቴሌቪዥን የገና ፍቅር ፊልሞችን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካና ካናዳ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። የሃሎዊን ዱባ ከደጅ ሳይነሳ ሆልማርክ የሚባለው የቴሌቪዥን ቻናል በረዶ ማዝነብ ይጀምራል። በፈረንጆች 2009 «የገና ቆጠራ» ብለው የጀመሩት ፕሮግራም አሁን ኦክቶበር ሳያልቅ ይከፈታል፣ በአንድ ወቅት ብቻ 40 አካባቢ አዳዲስ ፊልሞች የተለቀቁባቸው ዓመታትም ነበሩ። ሌሎች ቻናሎችም አሉ፦ ላይፍታይም አለ። ግሬት አሜሪካን ፋሚሊ አለ። ኔትፍሊክስም ገብቶበታል።

ታሪኩ ይታወቃል። ትልቅ ከተማ የምትሠራ፣ ስልኳን ከጆሮዋ የማታነሳ ሴት በሆነ ምክንያት ወደ ትንሽ ከተማ ትሄዳለች፤ እዚያ ቼክ ሸሚዝ የለበሰ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ያለችው ሰው ታገኛለች፤ የአያቷ ዳቦ ቤት ወይም የገና ዛፍ እርሻው ሊዘጋ ነው፤ አብረው ያድኑታል፤ መሀል ላይ ትንሽ ይኮራረፋሉ፤ ዲሴምበር 24 ማታ ይሳሳማሉ፤ በረዶ ይወርዳል። አለቀ።

በዚህ ላይ ሙድ መያዝ ቀላል ነው። ግን የሚስቁበትም የሚወዱትም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይስታሉ።

መጨረሻውን አውቄዋለሁ ብሎ መፎከር

አጠገብህ ላለው ሰው «አሁን ሊስማት ነው፣ ታያለህ» ማለት ጀግንነት አይደለም። ሁሉም ያውቃል። ፊልሙን የሠሩትም እንድታውቅ ነው የፈለጉት፤ ፖስተሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ለብሰው ተቃቅፈው እያየሃቸው ነው የገባኸው።

እኛ ይሄን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሰርግ ላይ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ ማንም «ይገባ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም። ይገባል። ደስታው ያለው መከልከሉ ላይ ነው፤ ማን ከለከለ፣ ምን ተባለ፣ ምን ያህል ቆሙ። የገና ፊልሙም እንደዚያ ነው የሚሠራው። ፊልሙ ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ በማስታወቂያ ሁለት ሰዓት ይሞላል፣ ስለዚህ ከየማስታወቂያው በፊት አንድ ትንሽ ነገር ተንጠልጥላ መቅረት አለባት። ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲሉ ስልክ ይጮኻል። ወይ ልጅቷ ትገባለች። ወይ ከምድጃው ጭስ ይወጣና ብስኩቱ አርሯል። ልምድ ያለው ተመልካች የሚጠብቀው ዘንድሮ ምን እንደሚያቋርጣቸው ነው።

ነገሩ በጥናትም ተነክቷል። በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ፣ ሰዎችን አጫጭር ልቦለዶች አስነበቡ። ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን ቀድመው ነገሯቸው። በአማካይ ታሪኩን የበለጠ የወደዱት ቀድመው የተነገራቸው ናቸው። የመርማሪ ታሪክ ሳይቀር! መጨረሻው ካላስጨነቀህ መንገዱን ታያለህ።

ስለዚህ አብራችሁ የምታዩት ሰው ካለ ዝም በሉ። ወይም ደግሞ መገመት ካማራችሁ አቋራጩን ገምቱ።

ክፉ ሰው መፈለግ

ይሄ የሚገርመኝ ነው። ብዙ ሰው የከተማውን እጮኛ እንደ ክፉ ሰው ያየዋል። ደግማችሁ እዩት። አይማታም፣ አይዋሽም፣ ሌላ ሴት የለችውም። ጥፋቱ ምንድነው? ሥራ ይበዛበታል፣ ስብሰባ አለኝ ይላል፣ የገና ዛፍ አስተካክል ሲሉት ሰው ቀጥረን እናስተካክል ይላል። በቃ። እሷ ስትተወው ራሱ «ልክ ነሽ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ አንዳንዴ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደርስ እሱም የሚስማማው ሰው ያገኛል።

በሌላ በኩል ያ ቼክ ሸሚዝ የለበሰውን ሰውዬ እዩት። ልጅ አለው፣ ግን ብዙ ጊዜ የተፋታ አይደለም፤ ሚስቱ ሞታበት ነው። ለምን? የተፋታ ቢሆን ጥያቄ ይመጣል። ማን ጥሎ ሄደ? ልጅቷ እናቷን መቼ ታያለች? ቀለብ ይከፍላል? ሚስት ከሞተች ግን ማንም አልበደለም፣ ማንም አልተበደለም፣ ሰውዬው ኀዘን የሚያውቅ ጥሩ አባት ሆኖ ብቅ ይላል። ጸሐፊው በአንድ የግድግዳ ፎቶ ብቻ አሥር ጥያቄ ዘጋ ማለት ነው።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ተቃዋሚው ሰው አይደለም። ጥድፊያ ነው። የምትዳርለት ሰው የጥድፊያ ተቃራኒ ስለሆነ ነው የተመረጠላት፤ መልኩ ከሌላኛው የተሻለ ስለሆነ አይደለም (እውነቱን ለመናገር መልካቸው አንድ ነው)። ይሄን ይዛችሁ ስታዩት ከፍቅር ታሪክነቱ ይልቅ ስለ ጊዜ የሚያወራ ፊልም ይሆናል። የሥራ አለቃዋ ለሁለት ሳምንት ልኳት፣ ኢንተርኔቱ አይሠራም፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፣ እና በመጨረሻ ቁጭ ብላ ከአንድ ሰው ጋር ሆት ቾኮሌት ትጠጣለች። የሚያስቀናው እሱ ነው።

በረዶው ላይ መሳቅ

አዎ፣ በረዶው ያስነቃል። ብዙዎቹ የሚቀረጹት አሜሪካ ውስጥ አይደለም፤ ካናዳ ነው፣ በተለይ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ኦንታሪዮ፣ ምክንያቱም እዚያ ለፊልም ሠሪ የግብር ቅናሽ አለ። ጊዜውም ብዙ ጊዜ በጋ ነው። ጁላይ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ተዋናዮቹ የሱፍ ካፖርት፣ ሻርፕና ጓንት አድርገው «ብርዱ!» እያሉ ይንዘፈዘፋሉ፣ እግራቸው ሥር ያለው በረዶ ነጭ ጨርቅና አረፋ ነው። አንድ ፊልም ተቀርጾ የሚያልቀው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ሲናገሩ ከአፋቸው እንፋሎት እንደማይወጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ለምልሞ አይታችሁስ? የሚጠጡበት ኩባያም ባዶ እንደሆነ ከአያያዛቸው ይታወቃል።

ስህተቱ ይሄን ማየቱ አይደለም፣ አይታችሁ «ሞኝ አደረጉን» ማለቱ ነው። በሁለት ሳምንት፣ በላብ ተጠምቆ፣ መቅለጥ የሌለበት ሜክአፕ ተቀብቶ፣ ብርድ የበረደውና ፍቅር የያዘው ሰው መምሰል ሥራ ነው። ተዋናይዋ ሌሲ ሻበር በሆልማርክ ከ30 በላይ ፊልም የሠራችው ሌላ ፊት ስለጠፋ አይደለም። ከፊል ፈገግታ፣ ትንሽ ማመንታት፣ ከዚያ ዓይን ዝቅ። ይሄን በየዓመቱ ሳይሰለች ማድረግ የምትችል ሴት ናት።

ሻጩ ማን እንደሆነ መርሳት

ሆልማርክ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ድርጅት አይደለም። የፖስትካርድ ድርጅት ነው። በ1910 ጆይስ ሆል የሚባል ወጣት ካንሳስ ሲቲ ላይ ጀመረው። በ1951 ዲሴምበር 24 ማታ ኤንቢሲ ላይ ስለ ሰብአ ሰገል የተጻፈ ኦፔራ በድርጅቱ ስፖንሰርነት ተላለፈ፤ የቴሌቪዥኑና የገናው ዝምድና ከዚያ ይጀምራል። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ የዛፍ ማስጌጫ ይሸጣል።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን እዩት። ሁሉም ቤት ያጌጠ ነው። ሆስፒታሉ፣ የፖሊስ ጣቢያው፣ የመኪናው በር ሳይቀር። ማስታወቂያው በፊልሙ መሀል ብቻ አይደለም ያለው፤ ፊልሙ ውስጥም አለ። ይሄን ማወቅ ደስታውን አይቀንስም፣ ክሬዲት ካርዱን ግን ይቆጥባል።

የኑሮ ምክር አድርጎ መውሰድ

እዚህ ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ። ሁልጊዜ ሥራዋን የምትተወው ለምን እሷ ናት? ሰውዬው ዛፉን ትቶ ቺካጎ አይመጣም። በቅርብ ዓመታት ትንሽ ተሻሽሏል፣ ከትንሿ ከተማ ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች፤ ግን አሁንም መኪናዋን ጭና የምትሄደው እሷ ናት።

ዳቦ ቤቱስ? አንድ ዓመት ሙሉ ኪራይ ያልከፈለ ዳቦ ቤት በአንድ ምሽት ባዛር እዳውን ከፍሎ ጨረሰ። የጤና ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ሁለት ሥራ እየሠራ ኪራይ የሚከፍል ሐበሻ ይሄን ሲያይ ከበረዶው ይልቅ በሒሳቡ ነው የሚስቀው። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ፍቅሩ የነጮች ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጥቁሯ ጓደኛ ምክር ሰጥታ፣ ቡና ይዛ፣ ትጠፋ ነበር። አሁን ዋና ገጸ ባህሪ ሆነው የሚመጡ ሌሎች ፊቶችም አሉ፣ ቀመሩ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ እያወቁ ማየት ይቻላል። የማይቻለው ፊልሙን አይቶ ሶፋ ላይ የተኛውን ባል «አንተ ግን መቼ እንጨት ፈልጠህልኝ ታውቃለህ?» ማለት ነው። አፓርትመንት ውስጥ ነው የምትኖሩት።

የሚያየውን ሰው መናቅ

በ2017 ዲሴምበር ኔትፍሊክስ በትዊተር ገጹ «የገና ልዑል» የሚባለውን ፊልሙን 53 ሰዎች ለ18 ቀናት በየቀኑ እንዳዩት ገልጾ «ማነው የጎዳችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው ሳቀ። ብዙ ሰው ደግሞ ተናደደ፣ አንደኛ ምን እንደማይ ለምን ትቆጥራለህ፣ ሁለተኛ አንተው ሠርተህ አንተው ትስቃለህ? ልክ ናቸው።

አሜሪካዊቷ ጃኒስ ራድዌይ በ1984 ባወጣችው ጥናት የፍቅር ልቦለድ የሚያነቡ ሴቶችን ቁጭ ብላ ጠይቃለች። አንዳንዶቹ መጽሐፍ ከመግዛታቸው በፊት መጨረሻውን ያያሉ፤ በደስታ ካላለቀ አይገዙም። ማንበቡም ለነሱ ከቤት ሥራውና ከልጁ ጥያቄ የተነጠቀ የራስ ጊዜ ነበር። የማታ ሺፍት ሠርታ፣ አዛውንቶችን ስታገላብጥ አድራ ጠዋት የምትገባ ሴት ቴሌቪዥኑን ከፍታ ማንም የማይሞትበት፣ ማንም የማይጮህበት ነገር ብታይ ምኑ ያስቃል? ግማሹን ተኝታ ብታልፈው እንኳ ስትነቃ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ይሄን አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ፊልም አምጡ እስቲ።

በጾም ማየት

ግማሽ ቀልድ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ቅቤና እንቁላል እየተመታ ነው፣ በየአሥር ደቂቃው ብስኩት ከምድጃ ይወጣል። የሚጾም ሰው ከምሳ በፊት ባያይ ይሻላል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ አዳዲሶቹ የገና ፊልሞች አልቀዋል።

እንዳለ መገልበጥ

የመጨረሻው ስህተት የፊልም ሠሪዎቻችን ነው፣ ወይም የሚያስቡት ሰዎች። ጥጥ በትኖ፣ ፕላስቲክ ዛፍ አቁሞ፣ ቦሌ ላይ ቀይ ሹራብ ማልበስ። ያ ልብሱ ነው። አጥንቱ ሌላ ነው፦ ወደ ትውልድ ቦታ መመለስ፣ በቀን የተቆረጠ በዓል፣ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት መንደር፣ ብዙ ምግብ፣ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሉ አክስቶች።

ይሄ ሁሉ ባንድ ላይ ያለው ደግሞ ገና ላይ ሳይሆን መስቀል ላይ ነው፣ ጉራጌ አገር። መርካቶ የሚነግደው፣ ክፍለ ሀገር የተበተነው ሁሉ ይገባል። ከመስቀል በፊት ያሉት ቀናት የየራሳቸው ስምና ምግብ ስላላቸው ጸሐፊው ትዕይንት መፍጠር አያስፈልገውም፣ ተሰልፎለታል። ሦስት ዓመት ያልመጣች፣ ስልኳ የማያቆም ነጋዴ ልጅ፤ ጎረቤት ያለ የእንሰት ማሳውን ያልለቀቀ አብሮ አደግ፤ ሊሸጥ የታሰበ የአያት ጎጆ፤ ክትፎ ሲከተፍ ሊያወሩ ሲሉ በመሀል የሚገቡ አክስት። ደመራው ሲለኮስ ደግሞ ሁሉም ሰው ወደ እሳቱ ስለሚያይ ሁለቱን የሚያያቸው የለም። መሳሳሙን እንተወው፣ እናቶች አብረው ነው የሚያዩት። እጇን ቢይዛት ይበቃል።