ከቤተሰብ ንግድ ላይ እንዴት ይሰጣል?

አዳማ ላይ የአባታችንን የእህል መጋዘን ከወንድሞቼ ጋር እመራለሁ። ለችግረኛ መስጠት ለምትፈልጉ የምናደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ። ከመሳቢያ እየተዘገነ ድርጅት አይቆምም። ለልገሳው የባንክ ሂሳብ ለብቻው ክፈቱ፤ ሁለት ሰው ሳይፈርም ብር አይውጣ። ለማን እንደሚሰጥ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይወስን፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። እኛ ቤት እናቴም ትፈርማለች፤ የሰፈሩን ችግረኛ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ለተማሪ ከሆነ ደብተሩን ነሐሴ ላይ ግዙ፣ መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ። ክፍያ ካለ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይግባ። ልጁን በሰው ፊት አቁማችሁ ፎቶ አታንሱ። ይሄን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ነገ እዚሁ ከተማ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ነው።

ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 እንዲህ ያለውን ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ፣ በወጪነት ይይዛል፤ ግብር ሲሰላ ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል ማለት ነው። ደረሰኙን ለሂሳብ ሠራተኛችሁ ዕለቱን ስጡ።