17 ፊኛ ሠሪ በአንድ አዳራሽ

የመጀመሪያውን የልጆች ድግስ አቅራቢዎች ባዛር ሳዘጋጅ 40 ቡዝ (የመሸጫ ቦታ) ነበረኝ፤ 17ቱን የያዙት ፊኛ ሠሪዎች ናቸው። ቀብድ ይዞ የመጣውን ሁሉ እየመዘገብኩ ነበርና ባዛሩ ሊከፈት ሁለት ቀን እስኪቀረው ድረስ አልታየኝም። ጎብኚ ከበሩ ጀምሮ ሦስት የፊኛ ቅስት ካየ አራተኛውን ቀና ብሎም አያየው። ፊኛ ሠሪዎቹ ዋጋ እየሰበሩ ሲሻሙ ዋሉና ማታ ሆድና ጀርባ ሆነው ተለያዩ፤ የተስማሙት እኔን በመውቀስ ብቻ ነው። እውነታቸውን ነው። እኔም ፊኛ ሠሪ ስለነበርኩ ስልኬ ውስጥ የነበረው ሁሉ የሙያ ባልደረባዬ ነበር።

ስለዚህ አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙና የልጇን ልደት ልታከብር የተነሳች እናት ለነማን እንደምትደውል ጻፉ። ድንኳን፣ የልጆች ወንበርና ጠረጴዛ፣ ዲኮር፣ ኬክ፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ የፊት ሥዕል፣ አስማተኛ፣ ማስኮት (የካርቱን ገጸ ባሕርይ ልብስ የሚለብስ ሰው)፣ ፎቶ አንሺ፣ ዲጄ፣ የጥሪ ካርድ፣ የስጦታ ከረጢት። ለእያንዳንዱ ኮታ ስጡ። እኔ አሁን ከአንድ ዓይነት ሥራ ከጠቅላላው ቡዝ አንድ አምስተኛ በላይ አልቀበልም፤ ቀብዱን በእጁ ይዞ ቢለምነኝም። ለማግኘት የሚያስቸግሩት ወንበር አከራዮችና ካርድ አታሚዎች ናቸው፤ ራሳቸውን የልጆች ድግስ ሰው አድርገው ስለማይቆጥሩ ማስታወቂያችሁን ቢያዩም አይመለከተንም ብለው ያልፉታል። በእግር ሄዶ ማነጋገር ነው።

ቀጥሎ፣ የምትጠሩት ማንን እንደሆነ ቁርጡን እወቁ። ወላጅ ለአንድ ቀን ድግስ ይገዛል። የድግስ አዘጋጅ፣ ሆቴልና መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ለዓመት ይዋዋላሉ። ፊኛ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ የሚፈልገው እነዚህን ነው፤ እግሩ ሥር ሕፃን እያለቀሰ ግን የጅምላ ዋጋ መነጋገር አይቻልም። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለሙያው ሰዎች ብቻ እከፍታለሁ፤ ቤተሰብ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። በር ላይ ልጅ ይዘው ቀድመው የሚመጡ ስለማይጠፉ እዚያ የሚቆመው ሰው ትሑትም ግትርም ይሁን።

አዳራሹን ስታዩ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የተለመደው ቡዝ 3 በ3 ሜትር ነው፤ ከወለሉ ግማሽ ያህሉ ግን ለመተላለፊያ፣ ለመድረክና ለመውጫ ይሄዳል። መተላለፊያው ከ3 ሜትር አይነስ፤ ሁለት የሕፃን ጋሪ ሲተላለፍ ለፊት ሥዕል የተሰለፈው ልጅ መገፋት የለበትም። ከፍታውን ስትለኩ ደግሞ ከጣሪያው ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለው መብራት ነው፤ መዝለያው የሚነካው እሱን ነው። የጭስ መጠቆሚያው በጨረር የሚሠራ እንደሆነም ጠይቁ። አምልጦ ጣሪያ ሥር የሚንሳፈፍ ፊኛ ጨረሩን ከከለለ ደወሉ ይጮኻል፣ አዳራሹም ባዶ ይሆናል። የሂሊየም ፊኛ ሁሉ ከክብደት ጋር ይታሰር፤ የሚያብረቀርቀው የፎይል ፊኛ በተለይ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከሽቦ ይራቅ።

አሁን ወደ መብራት። ሁለተኛው ባዛሬ ላይ፣ ቀትር ገደማ፣ የኬክ ማቀዝቀዣ፣ የዲኮር ሠሪዎች ሙጫ ማቅለጫና የመዝለያው ነፊ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ብሬከሩ ወረደ። መዝለያ አየር ሞልተው የሚያሽጉት ነገር አይደለም፤ በየስፌቱ አየር እያፈሰሰ የሚቆመው ነፊው ሳያቋርጥ ስለሚሞላው ነው። ነፊው ሲቆም ግድግዳው ቀስ እያለ ስድስት ልጆች ላይ መውረድ ጀመረ። የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ገብቶ ጣሪያውን በጀርባው ደግፎ ሲይዝ እኛ አንድ በአንድ አወጣናቸው። ማንም አልተጎዳም፤ ልጆቹ እንዲያውም ይድገሙልን አሉ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ የማሽኑን ዋት ከጀርባው ካለው ምልክት ገልብጦ ይጽፋል። «ትንሽ ነው የሚወስደው» የሚል መልስ አልቀበልም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚሸከም መስመር 2,200 ዋት ይችላል፤ እያንዳንዳቸው 1,100 ዋት የሚወስዱ ሁለት ነፊዎች ሙሉውን ይበሉታል። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ነፊ ምንጊዜም ለብቻው መስመር ይኑረው፤ አጠገቡም ልጆቹን የሚያወጣ፣ ከዚያ ንቅንቅ የማይል ሰው።

መዝለያው ደጅ ከቆመ ጭንቀቱ ነፋስ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 14960 ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ ያዛል። የነፋስ መለኪያ ግዙ፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ ቅጠል ያላቸው ትናንሽ ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ልጆቹን አስወርዱ። ባለቤቱ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ።

የሂሊየም ሲሊንደር ቆሞ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ድምፅ ለማቅጠን ከሲሊንደር የሚስብ ጎረምሳ በየባዛሩ አይጠፋም፤ ጋዙ በሳንባ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። ሂሊየም የተሞላ 28 ሴንቲ ሜትር የላቴክስ (ተራው የጎማ) ፊኛ ተንሳፍፎ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ስለሆነ በዋዜማው የሞላ ሰው በማግስቱ የሚያሳየው ወለል ላይ ነው። ፎይሉን በዋዜማው፣ ላቴክሱን በዕለቱ ማለዳ።

የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የሚለቅም አንድ ሰው መድቡ፣ ሌላ ሥራም አትስጡት። ቁራጩ የልጅን ጉሮሮ ስለሚዘጋ አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የፊኛ ማሸጊያ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ ግድ ብላለች። የስጦታ ከረጢት ሻጮችን የምፈትሸው አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ አጭር ቱቦ ነው፤ ውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ አሻንጉሊት ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቱቦውን ሳወጣ የሚስቁ አሉ። የፊት ሥዕል ሠሪዎችም ቀለማቸውን ያሳዩኝ፤ ለቆዳ የተሠራ እንጂ የትምህርት ቤት ውሃ ቀለም እንዳይሆን።

አቀማመጡ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ መዝለያውን ጥግ መጨረሻው ላይ አድርጉት። ልጅ ወላጁን እየጎተተ ወደዚያ ሲሄድ በሁሉም ቡዝ ፊት ያልፋል። ዲጄውንና አስማተኛውን በተራ እንጂ በአንድ ሰዓት አታሰሙ። ማስኮት ለባሹ በየ20 ደቂቃው ይረፍ፤ ውስጡ ምድጃ ነው።

ውሉ አጭር ይሁን። ቀሪ ክፍያ ባዛሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይጠናቀቅ፤ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ዕቃ የሚነቅል ደግሞ መቀጫ ይክፈል። አንዱ ሲነቅል ሌላው ይከተላል፣ አርፍዶ የመጣ ጎብኚም ካርቶን ሲጫን አይቶ ይመለሳል።

ማታውን «ስንት ሸጣችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልደት የራሱ ቀን አለው፤ ካርድ የወሰደው ሰው የሚደውለው ያ ቀን ሲቃረብ ነው። እኔ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሁሉም እየደወልኩ ምን ትእዛዝ እንዳገኙ በደብተር እይዛለሁ። አንድ ወንበር አከራይ በባዛሩ ዕለት አንድም ውል ሳያገኝ ፊቱን አጥቁሮ ነበር የሄደው። ስደውልለት መናገሪያ ጊዜ አልነበረውም፤ ወንበሮቹ ሁሉ ወጥተው ከሌላ አከራይ እየለመነ ነበር።

«ለሚቀጥለው ያችን ጥግ ያዢልኝ» ብሎ ዘጋው።