ዛግሬብ ላይ ምግብ ስትመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክሮኤሺያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ባሕሩ ነው። ዋና ከተማዋ ዛግሬብ ግን ከባሕሩ ርቃ፣ ሜድቬድኒትሳ የሚባለው ተራራ ሥር ያለች የመሀል አገር ከተማ ናት። የራሷ ምግብ ሊጥ፣ አይብ፣ ጥብስና ቦሎቄ ነው። ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ይህን ሳይቀምስ ሲመለስ በጣም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ዛግሬብ እንደገቡ ዓሣ ማዘዝ ነው። ዓሣው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከባሕሩ ዳር ይመጣል። ግን በባሕር እንስሳ ቀለም የሚጠቁረው ጥቁሩ ሩዝም ሆነ ፓሽቲትሳዳ የሚባለው የበሬ ሥጋ ወጥ የባሕሩ ዳር፣ የዳልማቲያ ምግቦች ናቸው። ወደዚያው የባሕር ዳር ከተማ ወደ ስፕሊት የምትወርዱ ከሆነ እዚያው ብሏቸው። ዓሣ ካማራችሁም ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የኪሎ ነው፣ የሳህን አይደለም። ሳይመዘን አትዘዙ።

ሁለተኛው ሽትሩክሊን መዝለል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽትሩክሊ በስሱ የተዘረጋ ሊጥ ነው። ከእኛ አይብ ጋር የሚቀራረብ ትኩስ አይብ ተሞልቶ ይጠቀለልና ይቆረጣል። ከዚያ ወይ ይቀቀላል፣ ወይ ክሬም ፈስሶበት ኦቨን ውስጥ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። ጨው ያለውም ጣፋጩም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጨው ያለውን የተጋገረውን እዘዙ፤ የተቀቀለው ለለመደ ሰው ነው። አገሩ ከዛግሬብ በስተሰሜን ያለው ዛጎሪዬ ነው። ክሮኤሺያም እ.ኤ.አ. በ2007 አሠራሩን በቅርስነት መዝግባዋለች። ስካሊንስካ በምትባለው ትንሽ መንገድ ላይ ያለው ላ ሽትሩክ የሚባል ምግብ ቤት ሥራው ይኸው ነው። ከምድጃ እንደወጣ በጣም ያቃጥላል፣ ረጋ በሉ።

ቀኑን ሙሉ ዞሮ ለራት ብቻ መቀመጥም ኪሳራ ነው። የከተማዋ ሰው በሥራ ቀን ጋብሌትስ ይበላል። ረፋዱ ላይ ጀምሮ እስከ ቀትር በኋላ የሚቀርብ የቀኑ ምግብ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ቦሎቄ ወጥ፣ ጉላሽ፣ የተሞላ ቃሪያ፣ የዕለቱ ያለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ካለቀ አለቀ ነው። የተርኪ ዶሮ ጥብስ በምሊንትሲ ካገኛችሁ ግን ሌላውን ተዉት። ምሊንትሲ ደርቆ የተጋገረ ስስ ቂጣ ነው፤ ተሰባብሮ በፈላ ውኃ ከራሰ በኋላ የጥብሱን ጭማቂ ይጠጣል። ፍትፍት ያሳደገው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ዶላትስን ከሰዓት በኋላ መሄድ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ ማየት ነው። ይህ ከዋናው አደባባይ በላይ ያለው፣ ቀያይ ጃንጥላ የተደረደረበት ገበያ እ.ኤ.አ. በ1930 ነው የተከፈተው። ጠዋት ሂዱና አይብና ክሬም ከሚሸጡት እናቶች ግዙ። እዚህ ኩሚትሳ ይሏቸዋል፤ ቅርጫት በራሷ የተሸከመች አንዷ ሐውልት ቆሞላታል። በትኩስ በቆሎ ዳቦ ብሉት።

አሁን ለእኛ ሰው ዋናው። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ስሙን ብቻ አትመኑ። «የዛግሬብ ስቴክ» የጥጃ ሥጋ ነው ይባላል፣ ነውም፤ ውስጡ ግን አይብና ሹንካ አለ። ሹንካ የአሳማ ሥጋ ነው። ቦሎቄው ብዙ ጊዜ በጢስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ይበስላል። «ስላኒና» (ስብ ያለው የአሳማ ሥጋ) እና «ስቪንየቲና» (የአሳማ ሥጋ) የሚሉትንም ቃላት ያዙ። ስታዝዙ «ቤዝ ስቪንየቲኔ» በሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ጾም ላይ ያላችሁም «ጾመኛ ነኝ» ብትሉ አይበቃም። የካቶሊክ ጾም ወተትና እንቁላል ይፈቅዳል፤ ቅቤ ያለበት ምግብ በቅን ልብ ይቀርብላችኋል። «ቬጋንስኪ» የሚለው ቃል ይሻላል።

ፔካም አለ፣ በብረት ክዳን ሥር ፍም ተደፍቶበት የሚበስል ሥጋና ድንች። ሰዓታት ስለሚፈጅ ቀድማችሁ ደውላችሁ እዘዙ። የድሮውን የክሮኤሺያ ገንዘብ፣ ኩና ይዛችሁም አትምጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ገንዘቡ ዩሮ ነው።

ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ግማሽ ቀን ተርፏችሁ አውቶቡስ ያዙና ሳሞቦር የምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱ። ቅርብ ናት። ክሬምሽኒታ፣ በሁለት ስስ ቅርፊት መሀል የቆመ ለስላሳ የእንቁላል ክሬም፣ እዚያ አደባባዩ ላይ ተቀምጣችሁ ለብ እንዳለ ይበላል።