መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ለሚጨልም አሮጌ ላፕቶፕ

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትከፍቱት መብራቱ በርቶ፣ ፋኑም እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ቦርዱ ተቃጥሏል ብላችሁ አትደምድሙ። በመጀመሪያ የስልክ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ እዩ፤ ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። ምንም ካልታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ካርድ) ነው።

ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። በቻርጀር ብቻ ሞክሩት፤ አንዳንዴ ይኸው ብቻ ይበቃዋል።

ካልሆነ ቻርጀሩን መልሳችሁ ንቀሉና የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ብረት ነገር ንኩ። ሁለቱን መያዣዎች ወደ ጎን ስትገፏቸው ራሙ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹ እድፍ ሲይዙ ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ በንጹህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ፈትጓቸው፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። በአፍ እፍ ማለት ይቅር፣ ምራቅ ይረጫል። ስትመልሱት አጋድማችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡና ወደ ታች ተጫኑ፤ ቀጭ ካላለ አልገባም። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ማስገቢያ ሞክሩ፤ የተበላሸው የሚለየው እንዲህ ነው።

ከተነሳ በኋላ ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ የባዮሷ (ላፕቶፑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) 3 ቮልት ትንሿ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት፣ ግን ሽቦና ሶኬት ያላትም ስላለች አሮጌዋን ይዛችሁ ግዙ።