«ናቲ» ብላችሁ ቅጽ ላይ እንዳትጽፉ

ለሦስት ሳምንት እረፍት መጥቼ ቱሉ ዲምቱ እናቴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ። መብራት ሄዷል። ስልኬ 20 በመቶ ቀርቶታል። እና ከምኖርበት ከአሜሪካ ያው ጥያቄ መጣልኝ፦ «ልጁን ከሆድ ጀምሮ ናቲ ነው የምንለው፤ የልደት ወረቀቱም ላይ ናቲ ይሁን?» ዘንድሮ አራተኛዬ ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አይሁን። ቁልምጫው ቀድሞ መምጣቱ ግን ነውር የለውም፤ እንዲያውም ጥሩ መነሻ ነው። ናቲ ደስ ካላችሁ ናትናኤል ወይም ናታን አለላችሁ። ሚኪ ሚካኤልም ሚክያስም ይሆናል። ዮኒ ከዮናስም ከዮናታንም ከዮሐንስም ይወጣል። ቤቲ ቤተልሔም ወይም ኤልሳቤጥ ናት። ቤት ውስጥ እንደፈለጋችሁ ጥሩት፤ አድጎ ሥራ ሲያመለክት የሚጽፈው ሙሉ ስም ግን ይኑረው።

ስትመርጡ እዚያ አገር ስም ከየት እንደሚቆረጥ አስቡ። አስተማሪዎቹ ከፊት ነው የሚይዙት። ገብረሚካኤል ብላችሁ ሚኪ ልትሉት ካሰባችሁ፣ ከትምህርት ቤት «ገብሬ» ሆኖ ይመለሳል። ለያይታችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ ባሰ፤ ሚካኤል ቅጹ ላይ ወደ መካከለኛው ስም ሳጥን ይሄድና ልጁ «ገብረ» ብቻ ሆኖ ይቀራል። አያይዛችሁ ጻፉ። ቁልምጫውንም በእነሱ ጆሮ ስሙት። ፋጡማን ፋቲ ማለት እኛ ሰፈር ያምራል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ ግን «ወፍራሟ» ማለት ነው። ፑፒንማ ተዉት፣ አላብራራም።

አሁን እኔ ራሴ ወደተበላሁበት ልምጣ።

ልጃችን ከሆድ ጀምሮ ማሂ ነበረች። ማህሌት እንደምንላት ተስማምተናል። በተወለደች ማግስት የሆስፒታሉ ሠራተኛ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጽ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ተኝታለች፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም። «ስሟ ማን ነው?» ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ማሂ ነው። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በኋላ እናስተካክለዋለን አልኩ፣ ቀላል መስሎኝ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም (የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥር) እዚያው ቅጽ ላይ ስለሚጠየቅ፣ ካርዱ «ማሂ» ብሎ በፖስታ ከተፍ አለ። ፓስፖርቱም ተከተለ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ደግሞ ወለተ ማርያም ተባለች። እናቴ በስልክ «ልጆቹ ስንት ናቸው?» አለችኝ።

ላስተካክል የልደት መዝገብ ቢሮ ስሄድ «እኛ የፊደል ስህተት ነው የምናርመው፤ ይሄ ስም መቀየር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂድ» አሉኝ። ፍርድ ቤቱ ክፍያ አለው፣ ቀጠሮ አለው። እኛ ያለንበት ግዛት ጭራሽ ጋዜጣ ላይ አውጣ ይላል። ለሁለት ዓመት ሕፃን ጋዜጣ! ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ደግሞ የልደት ወረቀቱ፣ ሶሻሉ፣ ፓስፖርቱ አንድ በአንድ እንደ አዲስ። አንዱ መስኮት የሌላውን አያውቅም። ሰዎቹን በሆዴ ስረግም ከርሜያለሁ፤ ግን ቅጹን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ሳጥን የቤተሰብ ስም ይጠይቃችኋል። እኛ የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም ይኑር ብሎ ነበር፤ ሰዉ ግን በአባት ስም ቀጠለ። እዚያ ሳጥን ውስጥ እንደ አገራችን የራሳችሁን ስም ካስገባችሁ፣ ልጁ ከአባቱም ከእናቱም የማይገጥም ስም ይዞ ኤርፖርት ላይ «የማን ልጅ ነው?» ያስብላችኋል። እኔ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን የመጨረሻ ስም አድርጉ፣ የራሳችሁን መሃል ላይ አስገቡ ባይ ነኝ። የሚቆጣኝ ይቆጣኝ።

የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከምጥ በፊት ተስማሙ። ማህሌት በ«ኤች» ነው ወይስ ያለ «ኤች»? መጨረሻው አንድ «ቲ» ነው ወይስ ሁለት? ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሕፃኑ ልብስ ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ሠራተኛዋ ስትመጣ ከዚያ ገልብጡ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ያንብበው።

ስልኬ 9 በመቶ ደርሷል። ናቲ ልትሉ የነበራችሁት፣ ቅጹን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፤ መብራት ሲመጣ አየዋለሁ።